የማላኪ ማልቪ ዘር የጠፋበት ቅዳሜ

ቅዳሜ ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት ላይ የኪልናሎግ ደብር አዳራሽ ጓዳ ውስጥ ያለው ቁምሳጥን ወለል ብሎ ተከፍቶ ተገኘ። ቁልፉ አልተሰበረም፣ በሩ አልተገነጠለም። ስልሳዎቹ የሻይ ስኒዎች በቦታቸው ናቸው፤ ለዕጣ የተቀመጠው የዊስኪ ጠርሙስም ማኅተሙ ሳይነካ ቆሟል። የጠፋው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ የማልቪ ጎሳ የዲኤንኤ ምርመራ ውጤት ያለበት ቡናማ ኤንቨሎፕ።

"ዊስኪውን ትቶ ወረቀት የሚሰርቅ!" አለች ኢንስፔክተር አትራክታ ሌኒሃን። "በሠላሳ አንድ ዓመት ሥራዬ እንዲህ ያለ ሌባ ገጥሞኝ አያውቅም።"

ኢንስፔክተሯ ለዚያ ቅዳሜ ሌላ ዕቅድ ነበራት። ስልኩ የተደወለው ፀጉር ቤት ተቀምጣ ሳለ ነው። ግማሽ ፀጉሯ በቢጎዲን ተጠቅልሎ፣ ግማሹ ተንጨባሮ፣ በላዩ ላይ የፖሊስ ቆቧን ደፍታ ነው የመጣችው። አምሳ ሰባት ዓመቷ ነው፤ ሁለቱም ጉልበቶቿ ዝናብ ከመምጣቱ በፊት ይነግሯታል፤ ዝናብ በማያባራባት በአየርላንዷ ማዮ ደግሞ ይህ ማለት ሁልጊዜ ያማታል ማለት ነው።

ፖሊስ የጠራችው ቴስ ማልቪ ናት። ቴስ የፖስታ ቤቱ ኃላፊ፣ የጎሳው ኮሚቴ ጸሐፊ፣ የኢንስፔክተሯም የአንደኛ ክፍል ጓደኛ ናት።

"ትናንት ጠዋት ነው የደረሰው" አለች ቴስ። "እንደታሸገ ቆለፍኩበት። ነገ እኩለ ቀን ላይ ጎሳው ፊት ይከፈትና አለቃው ይታወጃል። ሦስት መቶ ማልቪ ከአሜሪካ፣ ከአውስትራሊያ፣ ከአርጀንቲና መጥቷል! አሁን ምን ልበላቸው?"

"ሌላ ቅጂ የለውም?"

"ላቦራቶሪው ቅዳሜና እሑድ ዝግ ነው። ሰኞ ይልካሉ። ሰኞ ግን ሦስት መቶው ሰው አውሮፕላን ላይ ነው።"

ኢንስፔክተሯ ይህችን በማስታወሻ ደብተሯ ጻፈች። ሌባው ነገ ብቻ እንዲያልፍለት ነው የፈለገው።

"የቁምሳጥኑ ቁልፍ የት ነበር?"

"ከአዳራሹ ቁልፍ ጋር። የሕፃኑ ኢየሱስ ሐውልት ሆድ ውስጥ፤ ከሥሩ ባዶ ነው።"

"እዚያ እንዳለ ማን ያውቃል?"

"ማንም።"

"ቴስ!"

"እሺ… ደብሩ በሙሉ።"

"ሐውልቱስ የታለ?"

ቴስ ጉንጯ ቀላ። "ድልድዩ አጠገብ፣ አጥሩ ሥር። ትናንት ምሳ ሰዓት ላይ አወጣሁት። ውጭ ካደረ ዝናብ አይጥልም ይባላል፤ ነገ እንዳይጥልብን ነዋ! ቁልፉን ከውስጡ ማውጣት ግን… በሥራ ብዛት ረሳሁት። አሥራ አንድ ሰዓት ላይ ስንመጣ የአዳራሹ በር ክፍት ነበር፤ ሳልቆልፈው የሄድኩ መስሎኝ ጓዳውን እስከ ዛሬ ጠዋት አላየሁትም።"

ኢንስፔክተሯ ስለ ሐውልቱ ሌላ አልጠየቀችም። እሷም ስታገባ እናቷ ሕፃኑን አጥር ሥር አሳድራዋለች፤ ያን ዕለት ዝናቡ ቀረ፤ ባልየው ደግሞ ከሦስት ዓመት በኋላ ቀረ። ያሳሰባት ሌላ ነው። ትናንት ከሰዓት በኋላ በድልድዩ ያለፈ ሰው ሁሉ የአዳራሹን ቁልፍ እግሩ ሥር አግኝቷል ማለት ነው።

በዚህ መሃል የአዳራሹ በር በከዘራ ተመታ።

"ጌራቲዎች ናቸው!" አሉ የገቡት ሽማግሌ። "ምን ትጽፊያለሽ የሌኒሃን ልጅ? ወንዙን ተሻገሪና ኮን ጌራቲን በካቴና አምጪልኝ!"

ማላኪ ማልቪ ሰማንያ አራት ዓመታቸው ነው፤ ክብደታቸው መቶ አስር ኪሎ፣ ድምፃቸው ደግሞ ከዚያ ይበልጣል። የላይኞቹ ማልቪዎች ሽማግሌ ናቸው፤ ነገ አለቃ ሆነው የሚታወጁትም እሳቸው ነበሩ። ከወንዙ ማዶ ካሉት ጌራቲዎች ጋር ማልቪዎች ሦስት መቶ ዓመት ተጣልተዋል። ጠቡ በላም ተጀመረ የሚሉ አሉ፣ በድልድይ ነው የሚሉም አሉ። የማልቪ ልጅ አፉን ሲፈታ መጀመሪያ "እማማ" ይላል፣ ቀጥሎ "ሌባ ጌራቲ" ይላል ይባላል።

"ጋሽ ማላኪ፣ ማስረጃ አለዎት?" አለች ኢንስፔክተሯ።

"ጌራቲ መሆኑ አይበቃም?"

"ለፍርድ ቤት አይበቃም።"

"እንግዲያው ፍርድ ቤቱም ከነሱ ጋር ነው። ነይ፣ የሰረቁኝን ላሳይሽ።"

ያሳዩዋት ባዶ ቁምሳጥን አልነበረም። ክንዷን ይዘው ወደ ፈረሰው ገዳም መቃብር ወሰዷት። በድንጋይ የታጠረ ጠባብ ግቢ ነው፤ የማልቪ አለቆች ከጥንት ጀምሮ የሚያርፉበት። ከአንድ ጥቁር ድንጋይ ፊት ቆመው ኮፍያቸውን አወለቁ።

"ፔግ ናት" አሉ፤ ያ ሁሉ ድምፅ ድንገት አነሰ። "አርባ ዘጠኝ ዓመት አብረን ተኛን። ይኸው ስድስት ዓመት ብቻዋን ተኝታለች። አጠገቧ ያለችው ቦታ የኔ ናት፤ በግቢው ውስጥ የቀረችውም እሷ ብቻ ናት።"

"ታዲያ ኤንቨሎፑ ከዚህ ጋር ምን አገናኘው?"

ማላኪ ጉሮሯቸውን ጠረጉ። ያለፈው ክረምት እሳቸው ራሳቸው ለጎሳው አንድ ሕግ አስጽፈው ነበር። በአባቱ በኩል ማልቪነቱ በዲኤንኤ ተረጋግጦ በጎሳው ጉባኤ ፊት ያልተነበበለት ወንድ ከእንግዲህ ግቢው ውስጥ አይቀበርም የሚል ነው። ያስጻፉትም የታችኞቹን ማልቪዎች፣ የቴስን ወገኖች፣ ከዚያ ለማስወጣት ነው፤ በሳቸው አባባል እነዚያ በስም እንጂ በደም ማልቪ አይደሉም። የሚገርመው ሟቿ ፔግም የታችኞቹ ልጅ፣ የቴስ አክስት ነበረች።

"ጎሳው የሚሰበሰበው በአምስት ዓመት አንዴ ነው" አሉ። "ሐኪሙ ደግሞ ልቤ እስከ ገና ከደረሰልኝ ተመስገን እንድል ነግሮኛል። ነገ ካልተነበበ በገዛ ሕጌ ውጭ ነኝ። አዲሱ መቃብር ውስጥ፣ ከነዳጅ ማደያው ጀርባ! ፔግ እዚህ፣ እኔ እዚያ የጎማ አየር ሲሞላ እየሰማሁ!"

ኢንስፔክተሯ ልቧ ተነካ፤ ሥራዋ ግን መጠየቅ ነው። "ውጤቱ ሌላ ነገር ቢልስ?"

"ሌላ? እኔን? ትውልዴን ልቁጠርልሽ! ማላኪ የፍራንክ፣ ፍራንክ የዶሚኒክ፣ ዶሚኒክ የማርቲን፣ ማርቲን የሂዩዪ…" እዚህ ላይ ቆሙ። "ከሂዩዪ በላይ ያለው መዝገብ በአሥራ ዘጠኝ መቶ ሃያ ሁለቱ የመዝገብ ቤት እሳት ተቃጥሏል። ግን ማልቪ ናቸው። ሌላ ምን ሊሆኑ!"

ከዚህ በኋላ ማንን መጠርጠር እንዳለባት ማላኪ ራሳቸው በከዘራቸው ጫፍ እየቆጠሩ ነገሯት። አንደኛ ኮን ጌራቲ፣ ሁለተኛ ቴስ፣ ሦስተኛ "ያ ካባ ያሰፋው አሜሪካዊ"።

አሜሪካዊው ድዌይን ማልቪ ይባላል፤ ከነብራስካ የመጣ የጥርስ ሐኪም ነው። እንግዳ ማረፊያው ውስጥ ስታገኘው አልጋው ላይ አረንጓዴ ካባ ተዘርግቷል። የአለቃ ካባ ነው፤ ወርቅማ ጥልፍ አለው። ኢንስፔክተሯ ስትገባ ድዌይን አንድ ቡናማ ኤንቨሎፕ ወደ ትራሱ ሥር ሲገፋ ታየ።

"እሱን ይስጡኝ" አለችው።

"የግል ነው፣ ኢንስፔክተር።"

"ይስጡኝ አልኩ!"

ስትከፍተው አሥራ አራት ገጽ ንግግር ወጣ፤ "የተወደዳችሁ ወገኖቼ፣ ይህን የአለቅነት ክብር በትሕትና እቀበላለሁ" ይላል። ሁለተኛውን ኤንቨሎፕ ከሻንጣው ኪስ አወጣች። እሱ ውስጥ ደግሞ ከገዳሙ ግቢ የተዛቀ አንድ ጭብጥ አፈርና ሁለት የምድር ትል ነበር።

"የአያቶቼ አፈር ነው" አለ ድዌይን ዕንባው መጥቶ።

"ትሎቹስ?"

"እነሱ… አብረው ወጡ።"

"ይመልሷቸው፤ እነሱም የአገሩ ተወላጆች ናቸው። ትናንት ከሰዓት በኋላ የት ነበሩ?"

ድዌይን ቀላ። የአያቱን ቤት ፍርስራሽ ፍለጋ ሄዶ ረግረግ ውስጥ እስከ ብብቱ ሰምጦ ነበር። ከምሳ በኋላ ገብቶ ማታ ላይ ነው በትራክተር ተጎትቶ የወጣው። ምስክር ካስፈለገ አርባ ሰው ነበር፤ ግማሹ ወንበር ይዞ ነው የመጣው። ኢንስፔክተሯ ስሙን ከደብተሯ ሰረዘች።

ቴስን አዳራሹ ወጥ ቤት ውስጥ አገኘቻት፤ ለነገው ግብዣ የአሳማ ሥጋ እየቆረጠች ነው።

"እኔንም ትጠረጥሪኛለሽ አይደል?" አለች ቴስ ቢላዋውን ሳታስቀምጥ። "ያ ሽማግሌ የኛን ወገን ከመቃብር ያስወጣ ሕግ አስጽፏል። እኔ ብሰርቀው አይፈረድብኝም ነበር። ግን ትናንት ከምሳ በኋላ እስከ አሥራ አንድ ሰዓት ፖስታ ቤት ነበርኩ፣ ከዚያ እስክንተኛ እዚሁ። ቀኑን ሙሉ ከዓይናቸው ያልለዩኝ ስምንት ሴቶች ምስክሮቼ ናቸው። ስምንቱም አይወዱኝም።"

ከዚህ የሚበልጥ ምስክር የለም። ስምንት የማይወዷት ሴቶች ደቂቃ እንኳ ብትጠፋ ይይዙባት ነበር።

"የጋሽ ማላኪን ምርመራ ያደረግሽው አንቺ ነሽ?"

"ወይ የማላኪ ምርመራ! ጉንጭን ከውስጥ በጥጥ እንጨት ማሸት ነው፤ ሕፃን ልጅ ይችለዋል። ግን ከዚያ በፊት ግማሽ ሰዓት ምግብም ሻይም አይቀመስም። ሦስት ቀን ነው የፈጀብን! ዞር ስል ስኒ ይዘው አገኛቸዋለሁ። 'ይቺማ ሻይ አይደለችም፣ አፌን ላረጥብ ነው' ይሉኛል። አባብዬ፣ ተቆጥቼ፣ በመጨረሻ ማንቆርቆሪያውን መኪናዬ ውስጥ ቆለፍኩበት።"

ኢንስፔክተሯ ሳቀች። ዘጠኝ ሰዓት ሲሆን ድልድዩን ተሻገረች።

ኮን ጌራቲ ሰባ ዘጠኝ ዓመታቸው ነው፤ ቀጭን ናቸው፤ ኮታቸው ላይ ከአሥራ ሁለት ዓመታቸው ጀምሮ አልኮል ላለመቅመስ የማሉበት ትንሽ ምልክት ተሰክቷል። ኢንስፔክተሯ የማልቪዎች ጉድ የደስታ ቀን ሆኖላቸው የምታገኛቸው መስሏት ነበር። እሳቸው ግን መስኮቱ ሥር ኩርምት ብለዋል።

"ጋሽ ኮን፣ የማልቪዎችን ነገር ሰሙ?"

"ሰማሁ።"

"ደስ አላለዎትም?"

"በሰው ሐዘን አልደሰትም።"

ከወጥ ቤት በኩል ሚስታቸው ኖኒ በሳቅ ፈነዱ። "አንተ? አምና ማላኪ ከመሰላል ሲወድቅ ቤተ ክርስቲያን ሄደህ ሻማ ያበራህ ማን ነው?"

"እንዲድን ነው ያበራሁት!"

"እስኪ ተወኝ!" ኖኒ ሻይ ይዘው ወጡ። እንቢ ማለት በማይቻልበት አኳኋን ለኢንስፔክተሯ አንድ ስኒ፣ ለባላቸው አንድ ስኒ ቀዱ።

"እርስዎስ ይሄን የዘር ምርመራ ሞክረውት ያውቃሉ?" አለች ኢንስፔክተሯ፣ ለወጉ ያህል።

"እኔ? ምራቄን ለማላውቀው ሰው በፖስታ ልላክ? የማልቪዎች ሥራ ነው! ራሱን የማያውቅ ነው እኔ ማን ነኝ ብሎ ሰው የሚጠይቅ!" ብለው ሻዩን በአንድ ትንፋሽ ጨለጡት።

"ተመስገን፣ አሁንስ ጤናው ተመለሰ" አሉ ኖኒ ደግመው እየቀዱ። "መጋቢት ላይ ያስደነገጠኝን ባየሽ! የፓኪ ለቅሶ ቤት ሄደን ሻይ አልጠጣም አለ!"

"አልጠጣም አሉ?"

"ሦስት ጊዜ ተለምኖ! ኬኩንም አልነካ! የሟች ሚስት ለቅሶዋን አቋርጣ 'ኮን ምን ነካው?' ብላ ጠየቀችኝ። ቄሱ ሳይቀሩ በማግስቱ ደወሉልኝ።"

"ሆዴን አሞኝ ነበር" አሉ ኮን። ጆሯቸው ግን በርበሬ መሰለ።

ኢንስፔክተሯ አመስግና ወጣች። መኪናዋን ድልድዩ ላይ አቁማ ቆቧን አወለቀች፤ ቢጎዲኖቹ እያሳከኳት ነው። እሷም በበኩሏ ቢያንስ መቶ ለቅሶ ቤት ደርሳለች። ባል የሞተባት ስትጠጣ፣ ባሏን የገደለች ስትጠጣ አይታለች። በዚህ አገር ለቅሶ ቤት ሻይ እንቢ የሚል ወይ ሟቹ ራሱ ነው፣ ወይ ምክንያት አለው። ምክንያቱን ደግሞ ከሁለት ሰዓት በፊት ቴስ በአፏ ነግራታለች፤ ግማሽ ሰዓት ምግብም ሻይም አይቀመስም።

ዊስኪውም ትዝ አላት። በኪልናሎግ ያን ጠርሙስ አይቶ እጁ የማይዘረጋ ሰው ቢኖር መሐላ ያለበት ብቻ ነው።

ግን ለምን? ማላኪ ቢዋረዱ ኮን ሊጨፍሩ ይገባ ነበር። ስልኳን አወጣች።

"ቴስ፣ ሁለት ሰዎች ለየብቻ ተመርምረው ዝምድና ቢኖራቸውስ?"

"ስልካቸው ላይ መልእክት ይመጣላቸዋል፤ እገሌ ዘመድህ ነው ብሎ። ማላኪ ስልክ ስለማይወዱ ነው ውጤታቸው በወረቀት የመጣው። ለምን ጠየቅሽ?"

"ለጠቅላላ ዕውቀት" አለችና መኪናዋን አዞረች።

ኮን ጓሮ ነበሩ፤ የዶሮ ቤቱ ደጃፍ ላይ በርጩማ አስቀምጠው ተቀምጠዋል። ኢንስፔክተሯ አጠገባቸው አጎንብሳ ገባ ስትል ቀይዋ እንቁላል የታቀፈች ዶሮ ጮኸችባት።

"ጋሽ ኮን፣ ይቺ ዶሮ የታቀፈችው እንቁላል ነው ወይስ የማልቪን ዘር?"

ኮን አንገታቸውን ደፉ። ኢንስፔክተሯ እጇን ከዶሮዋ ሥር ሰደደች፤ ሁለት ጊዜ ተነከሰች፤ በሦስተኛው ቡናማው ኤንቨሎፕ ሞቅ እንዳለ ወጣ። ማሸጊያው አልተነካም።

"ወይኔ! ኮን!" አሉ ከኋላ ኖኒ። "አንተ ሌባ ነህ እንዴ?"

"ሐውልቱ ወድቆ አየሁት" አሉ ኮን። "ሕፃኑ ኢየሱስ በግንባሩ ጭቃ ውስጥ! ጌራቲ ብሆንም ክርስቲያን ነኝ፤ አንስቼ ሳቀናው ቁልፉ መዳፌ ላይ ወደቀ። ከሰማይ የመጣ ምልክት ነው አልኩ።"

"ከሰማይ ስረቅ የሚል ምልክት አይመጣም! ቂም ይዞ ጸሎት፣ ሳል ይዞ ስርቆት!" አሉ ኖኒ።

ቀሪውን ቀስ እያሉ ተናዘዙት። ማልቪዎች ስለ ንጉሣዊ ዘራቸው ሲያወሩ ክረምቱን ሙሉ ሰምተው አልቻሉም። በምሥጢር የምርመራውን ዕቃ አስመጡ። ቤት ውስጥ የኖኒ ዓይን ስለማያመልጥ ጥጡን ጉንጫቸው ውስጥ ያሹት የሟቹ የፓኪ መታጠቢያ ቤት ውስጥ ነው። ኀሙስ ዕለት ስልካቸው ጮኸ፦ በአባት በኩል የቅርብ ዘመድዎ ማላኪ ማልቪ ናቸው።

"የፈሩት ይደርሳል፣ የጠሉት ይወርሳል" አሉ ኖኒና ሣሩ ላይ ዘጭ አሉ።

"ሂዩዪ ነው" አሉ ኮን። "የአያቴ አያት ታላቅ ወንድም ነበረው። ሂዩዪ ይባላል። ከአባቱ ጋር በአንድ በሬ ተጣልቶ ወንዙን ተሻገረና ወንድ ልጅ ከሌላቸው ማልቪዎች ሴት ልጃቸውን አገባ። ስሙ እቤታችን እንዳይነሳ ተብሎ ተማምለን ነበር።"

ኢንስፔክተሯ አሁን ገባት። በዚያ ደብር ወንድ ልጅ የሌለው ቤት ሴት ልጁን ሲድር ሙሽራውን ያስገባዋል። የገባውን ሰው ጎረቤቱ በቤቱ ስም ይጠራዋል፤ ቄሱም ሲጠራ የሰሙትን ይጽፋሉ፤ ልጆቹም በዚያው ይቀጥላሉ። ቤት ገብ ይሉታል። ሂዩዪ ጌራቲ በሠርጉ ማግስት ሂዩዪ ማልቪ ሆኖ ነቃ፤ መዝገቡም ተቃጠለና ነገሩ ተረሳ።

"ታዲያ ማላኪ ጌራቲ ሆኑ ተብሎ ቢነበብ እርስዎ ምን ይጎዳሉ? ያፈሩት እሳቸው ናቸው እንጂ!"

"እሱማ አፍሮ ይረሳል!" ኮን ብድግ አሉ። "አልገባሽም? ሂዩዪ ታላቅየው ነው! የታላቅ ቤት ማላኪ ነው፣ የታናሽ ቤት እኔ ነኝ! ሰማንያ ዓመት ሊሞላኝ፣ የጌራቲ ሽማግሌ እኔ ነኝ ስል ኖሬ፣ ያ… ያ ግንድ ከኔ በላይ ሊቀመጥ? ጌራቲዎችን ሊያዝ? ይኸውም አልበቃ። ሰው ሲሞት መጀመሪያ ሬሳውን የሚያነሱት ስሙን የሚጋሩ አራት ወንዶች ናቸው። በዚህ ደብር የቀረነው ጌራቲ አራት ነን። አራት! እኔን ጨምሮ! መቶ አስር ኪሎ ነው እኮ ሰውዬው!"

ኖኒ ፊታቸውን በሽርጣቸው ሸፈኑ። እያለቀሱ ይሁን እየሳቁ ኢንስፔክተሯ መለየት አልቻለችም።

እሑድ ጠዋት ኢንስፔክተሯ ኤንቨሎፑን ይዛ ማላኪ ቤት ሄደች። እሳቸው ሙሉ ልብስ ለብሰው፣ ጺማቸውን ተላጭተው፣ የፔግን ፎቶ ኪሳቸው ውስጥ እያስገቡ ነበር። በሥራ ዘመኗ ሁሉ የጠፋ ዕቃ ለባለቤቱ ስትመልስ እንዲህ ከብዷት አያውቅም።

"ጋሽ ማላኪ፣ ተገኝቷል። ግን ጉልበቴን ስለሚያመኝ እስከ ሰኞ ፈልጌ ላላገኘው እችላለሁ። ከፈለጉ።"

ማላኪ ኤንቨሎፑን አዩ፣ እሷን አዩ። "መጥፎ ነው?"

"አልከፈትኩትም።"

"ፊትሽ ተከፍቷል እኮ፣ ልጄ።" ቀስ ብለው ተቀመጡ። "ደብቄው ብሞት አጠገቧ እተኛለሁ። ግን ፔግ ስዋሽ ታውቀኝ ነበር፤ ጀርባዋን ትሰጠኝ ነበር። እስከ ዳግም ምጽአት ጀርባ ሲሰጡኝ አልችልም። አምጪው።"

እኩለ ቀን ላይ ሦስት መቶ ማልቪ ገዳሙ ሜዳ ላይ ቆመ። ድዌይን ካባውን ለብሶ ከፊት አለ። ኮን ጌራቲ በኖኒ ክንድ ተይዘው ከአጥሩ ውጭ ቆመዋል። ማላኪ ድንጋዩ ላይ ወጡ፣ ቀደዱት፣ መነጽራቸውን አደረጉ፣ በዚያ ትልቅ ድምፅ አነበቡት። የታችኞቹ ማልቪዎች የጥንቶቹ አለቆች ዘር መሆናቸው ተረጋግጧል። ማላኪ ማልቪ በአባት በኩል ጌራቲ ናቸው።

ማላኪ መነጽራቸውን አወለቁ።

"ሕጉን ያስጻፍኩት እኔ ነኝ" አሉ። "ሕግ ሕግ ነው። ከነዳጅ ማደያው ጀርባ ቦታ ፈልጉልኝ።" ከድንጋዩ ሲወርዱ ኢንስፔክተሯ ክንዷን ሰጠቻቸው።

ያኔ ቴስ ወደ ፊት ወጣች። ቴስ ቂሟን የምታወጣበት ቀን መጣ ብሎ ሰው ሁሉ ወደ እሷ ዞረ።

"ልክ ነው፣ ሕግ ሕግ ነው" አለች ቴስ። "በአባቱ ማልቪ ያልሆነ እዚያ አይቀበርም። አሁን አለቃ የሚወጣው ከኛ ወገን ነው፤ ሌላ እስክትመርጡ እኔ ልናገር። አክስቴ ፔግ የኛ ልጅ፣ የአለቆች ልጅ ናት። ከናንተ ሁሉ ቀድማ እዚያ ገብታለች፤ ቤቱ የሷ ነው። የዚህ ደብር ወግ ደግሞ ከማንኛውም ወረቀት ይቀድማል። ወንድ በሚስቱ ቤት ከገባ የቤቱን ስም ይይዛል። አጎቴ ማላኪ፣ እርስዎ ስድስት ዓመት የዘገዩ ቤት ገብ ነዎት። የሚገቡበት ቀን ሲደርስ ይግቡ፤ ስምዎ ማልቪ ነው።"

ማላኪ የፔግን ፎቶ ከኪሳቸው አወጡ። ከዚያ እንደ ሕፃን አለቀሱ፤ ቴስ አንገታቸውን አቀፈች። ድዌይንም ካባውን አወለቀና አፍንጫውን አበሰበት።

"ይሄ ሁሉ ለምን ተሰረቀ ታዲያ?" አሉ ማላኪ ኋላ ላይ፣ አዳራሹ ውስጥ ግብዣው ሲጀመር። ኢንስፔክተሯ የኮንን ነገር አንድም ሳታስቀር ነገረቻቸው፤ የታላቁን ቤት፣ የአራቱን ሰዎች፣ የመቶ አስሩን ኪሎ።

"ክስ ይመሠርታሉ?"

"ክስ? በገዛ ወገኔ ላይ?" ማላኪ ዓይናቸው በራ። ሳህናቸውን ይዘው ተነሡና በሩ አጠገብ ኩርምት ወዳሉት ወደ ኮን ሄዱ። "ስማኝ፣ ታናሼ። ስሜ ማልቪ ነው፣ ደሜ ጌራቲ ነው። መቃብሩን በስሜ አገኘሁ። ሸክሙን በደሜ አገኛለሁ። የሬሳ ሣጥኔ የፊተኛው ቀኝ በኩል ያንተ ትከሻ ነው።"

"ማላኪ…" አሉ ኮን።

ማላኪ ግን ወደ ምግቡ ተመልሰዋል። የአሳማ ሥጋውን ሦስተኛ ጊዜ አነሡ፤ ድንቹን ከመሩት።

"ኧረ ዶክተሩ ቅቤ ከልክሎህ የለም እንዴ?" ብለው ጮኹ ኮን ከበሩ።

"ከልክሎኛል" አሉ ማላኪ፣ ድንቹ ላይ ሁለት ማንኪያ ቅቤ እየጨመሩ። "ግን ትከሻህን ሳየው፣ ትንሽ ብከብድም ይሸከመኛል አልኩ።"